ናትናኤልን ጠይቁ

«ባሕር ዛፉ ጋ ስትደርሺ ታጠፊ፤ ከዚያ ጠይቂ።»

እንዲህ ያለኝ አባቴ ነው። ያኔ ሁለተኛ ክፍል ብሆን ነው። አባቴ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበር፤ ጉለሌ ውስጥ ያልገባበት ግቢ፣ ያልጮኸበት ውሻ የለም። አንድ ቀን ከሥራ ባልደረባው የተዋሰውን የእጅ ባትሪ መልሺለት ብሎ ላከኝ። ወጣሁ። ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ ዛፍ የለም። ዛፍ ፍለጋ ዳገቱን ይዤ ወደ እንጦጦ ማርያም አቅጣጫ ወጣሁ። እዚያ ደግሞ ከባሕር ዛፍ በቀር ምንም የለም። ቅድም ዛፍ አጥቼ፣ አሁን ዛፍ በዝቶብኝ ቆምኩ።

ዝም የምል ልጅ ነበርኩ። የማላውቀውን ሰው ከማናገር ባትሪውን እንደያዝኩ ቢመሽብኝ ይሻለኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ግን እግሬ ሲዝል ድንች የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ ጠየቅሁ። ሳቀች። ባሕር ዛፉማ አንቺ ሳትወለጂ ነው የተቆረጠው፣ ቦታው ያለፍሽው ወፍጮ ቤት ጋ ነው አለችኝ። ድንቿን ለጎረቤቷ አደራ ብላ፣ እጄን ይዛ ወርዳ እስከ ባልደረባው በር አደረሰችኝ።

ቤት ተመልሼ አኮረፍኩ። ዛፉ እኮ የለም አልኩት አባቴን። አውቃለሁ አለኝ። ታዲያ ለምን ዛፉ ጋ አልከኝ ስለው ሬዲዮኑን እንኳን ሳይቀንስ «ጠየቅሽ አይደል? ደረስሽ አይደል?» አለኝ። በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ተዘጋ።

የኛ ሰፈር ሰው አድራሻ የሚናገረው እንዲህ ነው። በሌለ ነገር ነው የሚመራችሁ። የፈረሰ ግንብ ጋ፣ የተዘጋው ዳቦ ቤት ጋ፣ እትዬ እገሊት ድሮ የነበሩበት ጋ። እኔም ከዚሁ ሰፈር ነኝና አልዳንኩም። በቀደም የታክሲ ሹፌር ደውሎ የት ነሽ ሲለኝ «ቀዩ ኪዮስክ የነበረበት ጋ» አልኩት። ኪዮስኩ መንገዱ ሲሰፋ ተነስቷል። ሹፌሩ ግን «እሺ፣ ገባኝ» ብሎ መጣ። ለካ እሱም የጉለሌ ልጅ ነው።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ስለ ኮምፒውተር ላወራችሁ ፈልጌ ነው። ትንሽ ታገሡኝ።

እኔ የኮምፒውተር ትምህርት ጀምሬ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ። ለምን እንዳቆምኩ በኋላ እመጣበታለሁ። ልጄ ኤደን አሁን ኬጂ ገብታለች፤ ዕድሜዋን አስልታችሁ በእሷ እንዳትፈርዱ ብቻ። የምሠራው ከጳውሎስ ሆስፒታል ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ከሥሩ ፋርማሲ፣ ከላዩ የጥርስ ክሊኒክ ያለበት ሕንፃ ላይ ነው። እኛ መሐል ነን። ጉንጩን ይዞ እያቃሰተ እኛ ቢሮ የሚገባ ሰው አይጠፋም። ወንበር ሰጥተነው፣ ውኃ ሰጥተነው፣ ተራውን ሲጠብቅ ቆይቶ ጥርስ እንደማንነቅል የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

እኛ የምንነቅለው ሌላ ነገር ነው። በስልካችሁ ድረ ገጽ ስትከፍቱ፣ የሆነ ቦታ የተቀመጠ ኮምፒውተር በር ታንኳኳላችሁ። ሰርቨር የሚባለው እሱ ነው። ከፍቶ የጠየቃችሁትን ገጽ ይሰጣችኋል፤ ካልተመቸው አይሰጣችሁም። የቢሯችን ሥራ ደንበኛ ሳይመጣ ቀድሞ ሄዶ ማንኳኳት ነው። አንድ ሰው መጣ፣ ሺህ ሰው ባንዴ መጣ፣ የይለፍ ቃሉን የረሳ መጣ እያልን ሰርቨሩን እንፈትነዋለን። በእጃችን አይደለም። ይህን የሚሠራ ፕሮግራም አለን። የወግ ስሙ ረጅም ነው፤ እኛ «ቆርቋሪው» ነው የምንለው።

ቆርቋሪው በራሱ አያስብም። ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ፋይል ያነባል። የትኛውን በር ላንኳኳ? ምን ያህል ልጠብቅ? ዝም ካሉኝ ስንቴ ልድገም? የማን ቤት ድርሽ እንዳልል? ይህ ሁሉ የሚጻፍበት ፋይል ኮንፊግ ይባላል። የቤት ሠራተኛ ቀጥራችሁ የመጀመሪያ ቀን የምትነግሯትን ሁሉ ወረቀት ላይ እንደማስፈር ነው። አንዱን ከዘለላችሁ ነጩን ልብስ ከቀዩ ጋር ትዘፈዝፈዋለች። ታዲያ ጥፋቱ የእሷ ነው?

ኮንፊጉን እንዴት እንደምንሞላው የሚናገር ማብራሪያም ነበረን። ፕሮግራሙን የጻፉት ልጆች ትተውት የሄዱት ነው። እሱን ባያችሁት። የበሩ ቁጥር ለሚለው «እንደተለመደው» ይላል። ምን ያህል ይጠብቅ ለሚለው «በቂ ጊዜ»። የሰርቨሩ አድራሻ ለሚለው «ከድሮው ሰርቨር ቀጥሎ ያለው»። የድሮው ሰርቨር ከተሸጠ ቆይቷል። አንድ ቦታ ላይ «ይህን አትንኩ» ይላል፤ የቱን እንደሆነ አይልም። በየጥቂት መስመሩ ደግሞ «ካልሠራ ናትናኤልን ጠይቁ» የሚል አለ።

መጀመሪያ ሳነበው ሳቄ መጣ። አባቴ የጻፈው ነው የሚመስለው።

ናትናኤል መስኮቱ ጋ የሚቀመጥ ረጅም ልጅ ነው። ከጠረጴዛው ጎን ሁልጊዜ ትርፍ ወንበር አለ፤ የጠያቂ ወንበር። ያ ወንበር ቀዝቅዞ አያውቅም። ጥያቄ ያለው ሰው ከታች ማኪያቶ ይዞለት ነው የሚመጣው። ማንም አላዘዘም፤ እንዲሁ ደንብ ሆኖ ቀረ። ናትናኤል ደግሞ አጭር መልስ አያውቅም። ስለ በር ቁጥር ጠይቃችሁት ስለ አክስቱ ልጅ ሠርግ ሰምታችሁ ትመለሳላችሁ። በሠርጉ መሐል የበር ቁጥሩንም ይነግራችኋል። እኔ እንኳን፣ ከሰው ጋር ለማውራት ሰዓት የሚፈጅብኝ፣ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስቄያለሁ።

ሐያት የተቀጠረችው በዚያ ሰሞን ነው። አባቷ ጋሽ ሰኢድ አዲሱ ገበያ ብርድ ልብስና የፕላስቲክ ዕቃ ይሸጣሉ። ዲግሪዋን ይዛ እኛ ጋ ስትመጣ ከአባቷ ጋር ተነጋግራ ነው። የሙከራ ጊዜዋን አልፋ ቋሚ ከሆነች እሰየው። ካልሆነች ወደ ሱቁ፤ ሱቁ ሰው ይፈልጋል። ይህን የነገረችኝ ገና በመጣች ሳምንት ነው።

«ሊዲ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ 'ባለ አንድ ነው ባለ ሁለት?' እያልኩ ብርድ ልብስ ስዘረጋ መኖር አልፈልግም» አለችኝ። «እጥፍ አድርጎ መመለሱ ነው የሚገለኝ። ሰውዬው ሁሉንም አስዘርግቶ 'ነገ እመለሳለሁ' ይላል። አይመለስም።»

የናትናኤልን ወንበር ከሁላችንም በላይ ያሞቀችው ሐያት ናት። ማብራሪያውን ይዛ ትሄድና «'እንደተለመደው' ይላል፤ ለማን ነው የተለመደው? እኔ ትናንት ነው የመጣሁት» ትለዋለች። እሱ ይስቃል። እሱ ሲስቅ ሌላውም ወንበሩን እየጎተተ ይመጣል፣ እኔም ያልገባኝ እሱ ነበር ይላል። አንድ ጥያቄ ቢሮውን በሙሉ ይሰበስባል። ወር ሳይሞላት ሐያት ከሁላችን ጋር ተግባባች። ጥርሱን ይዞ በስህተት የገባውን ሁሉ ሳይቀር አሳስቃ ወደ ላይ የምትመልሰው እሷ ሆነች።

ታዲያ አንድ ቀን ናትናኤል ሌላ ሥራ አገኘሁ አለ። ወር ሰጥቶ ሊለቅ ነው።

ቢሮው ተሸበረ። «ናትናኤልን ጠይቁ» የሚለው ሁሉ ሊቆረጥ የተነገረለት ባሕር ዛፍ ሆነ። አለቃችን አቶ ወንድወሰን ስብሰባ ጠሩ። ማብራሪያው እንደ አዲስ ይጻፍ፣ ኮንፊጉ መስመር በመስመር ይብራራ አሉ። ከዚያ ዞር ዞር ብለው አዩና እኔ ላይ ቆሙ።

«ሊዲያ፣ አንቺ ጻፊው። ላንቺ ከገባሽ ለማንም ይገባዋል።»

ሙገሳ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ማታ ለባሌ ስነግረው «እንዲያ ነው ያሉሽ?» አለኝ። ያኔ ነው የነቃሁት።

ግን እውነታቸውን ነው። እኔ ካልገባኝ ገባኝ አልልም፤ ዝም ነው የምለው። ዝም እያልኩ ደግሞ አያለሁ። ወሩን በሙሉ የጠያቂው ወንበር ላይ ከርሜ ናትናኤልን መስመር በመስመር አስለፈለፍኩት። ይህ ምንድን ነው? ቢቀየር ምን ይሆናል? ተሳስተን ብንጽፍ በምን እናውቃለን? «በቂ ጊዜ» የሚለውን አጥፍቼ ስንት ሰከንድ እንደሆነ ጻፍኩ። «ከድሮው ሰርቨር ቀጥሎ» የሚለውን አጥፍቼ ሙሉ አድራሻ አስቀመጥኩ። ለእያንዳንዱ ምሳሌ ሰጠሁ፤ ትክክለኛውንም የተሳሳተውንም።

አንድ መስመር ብቻ ናትናኤልም ራሱ አላወቀውም። «ሰባት» ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። ማን ጻፈው አልኩት። እኔም ስመጣ ነበር አለኝ። ስድስት አደረግነው፤ ቆርቋሪው ቆመ። ስምንት አደረግነው፤ ቆመ። ሰባት አደረግነው፤ እንዳልሰማ ሆኖ ሥራውን ቀጠለ። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሰባት ይሁን። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ስድስትንም ስምንትንም ሞክረናል።» ከጻፍኩት ሁሉ እስካሁን የማላፍርበት እሱ ነው።

«ናትናኤልን ጠይቁ» የሚለውን አንድ በአንድ ሰረዝኩት። መሰረዝ እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ። ቤት ጠርጎ የመጨረሻውን አቧራ ደጅ እንደማውጣት ነው። ሲያልቅ ከላይ፣ ከርዕሱ ሥር፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ «ይህን ያነበበ ሰው ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም።»

ቆንጆ ዓረፍተ ነገር መሰለኝ።

አቶ ወንድወሰን አንብበው አደነቁ። ማለቴ፣ «እኔ እንኳን ገባኝ» ነው ያሉት፤ እሳቸው ዘንድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አሳትመው ለየጠረጴዛው አደሉት። ናትናኤል ኬክ ተቆርሶለት ሄደ። የእሱን ቦታ ለእኔ ሰጡኝ፤ መስኮቱ ጋ። የጠያቂውን ወንበር ሥራ ስለሌለው ወደ ስብሰባ ክፍል ወሰዱት።

ከዚያ በኋላ ቢሮው ፀጥ አለ።

መጀመሪያ ፀጥታው ለእኔ ዓይነት ሰው በዓል ነበር። ማንም ከወንበሩ አይነሳም። ማኪያቶ ይዞ የሚዞር የለም። አንድ ሰው ድንገት ቀና ብሎ «ይቺ ነገር እንዴት ነበረች?» ካለ፣ ከሆነ ጠረጴዛ «ተጽፏል እኮ» የሚል ድምፅ ይመጣል። በክፋት አይደለም፤ ተጽፏላ። ሰውየውም ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው አንገቱን ሰበር አድርጎ ወደ ወረቀቱ ይመለሳል። ሥራ ፈጠነ። ሠርግ ማውራት ቀረ። የክሊኒኩ ሕመምተኞችም ወንበር የሚያቀርብላቸው ጠፋ፤ በሩ ላይ ቀስት ያለው ወረቀት ለጠፍንላቸው።

ሐያትም ዝም አለች። አንድ አዲስ ደንበኛ ለብቻዋ ተሰጥቷት ነበር፤ የአንድ ፈርኒቸር ቤት ድረ ገጽ። ኮንፊጉን ሞልታ ቆርቋሪውን ማስነሳት ነው ሥራዋ። ጠዋት ስገባ ማብራሪያዬን ታነባለች። ምሳ ሰዓት ታነባለች። ስወጣም ታነባለች። ጽሑፌ እንዲህ የሚነበብ ሆኖ ባየው፣ ምን ልበላችሁ፣ ትንሽ ኮራሁ። አንዴ ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈት አደረገች። ከዚያ ወረቀቱን አየችና ተወችው። እኔም ወደ ሥራዬ ዞርኩ። ዝምታ ደግሞ እኔን አያስደነግጠኝም፤ አብሮኝ ያደገ ነው።

የሙከራ ጊዜዋ አለቀ፤ የፈርኒቸር ቤቱ ሥራ አልተጀመረም። አቶ ወንድወሰን ሁለቴ ጠይቀዋት «እያየሁት ነው» ብላቸዋለች። መጥፎ ሰው አይደሉም፤ ግን ሁሉም ነገር ተጽፎ ተሰጥቷት ካልቻለች ምን ላድርግ አሉ። ሐያት ኩባያዋን በሻርፕ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ሁላችንንም በየተራ ሰላም አለችና ወጣች። ቀልድም አልቀለደች።

ሥራው ለእኔ ዞረ።

ኮንፊጉን ከፈትኩ። የራሴን ማብራሪያ ከጎን ዘረጋሁ። «የሙከራ ሰርቨሩን አድራሻ እዚህ ጻፉ። ከእውነተኛው ሰርቨር ጋር እንዳታደባልቁ» ይላል፤ ምሳሌ አለው፣ የተሳሳተም ምሳሌ አለው። ልብ በሉ፣ ደንበኞቻችን ሁለት ሰርቨር አላቸው፤ አንዱ ሰው የሚገበያይበት፣ ሌላው እኛ እንዳሻን የምናንኳኳበት። የፈርኒቸር ቤቱን ወረቀት ባገላብጥ፣ ባገላብጥ፣ ያለው አድራሻ አንድ ብቻ ነው። የሙከራ የሚባል የላቸውም። ማብራሪያዬ ውስጥ ደግሞ «የሙከራ ሰርቨር ከሌላቸውስ?» የሚል ነገር የለም። ናትናኤል አላነሳውም፤ እኔም አላሰብኩትም። እንዲህ ያለ ደንበኛ ከዚህ በፊት መጥቶ አያውቅም።

ቁጭ አልኩ። እውነተኛው ላይ ሺህ የውሸት ገዢ ብልክ ሶፋ ሊገዛ የመጣ ሰው በሩ ይዘጋበታል። ካልላክሁ ሥራው የለም። ደግሜ አነበብኩ። የራሴን ጽሑፍ፣ የሆነ ነገር ያመለጠኝ መስሎኝ፣ ደግሜ አነበብኩት።

ከዚያ ስልክ አንስቼ ፈርኒቸር ቤቱን ጠየቅሁ። ሰውየው የሙከራ የሚባል እንኳን ሰምቶ አያውቅም። «አንድ ነው ያለን እህቴ። ግን እሑድ አንሸጥም፤ ገጹንም ለገዢ እንዘጋዋለን። እሑድ እንዳሻችሁ አንኳኩ» አለኝ። ማኪያቶ የሚቀዘቅዝበትን ያህል እንኳን አልፈጀም። የሐያት ሥራ ይቺው ነበረች።

በማግስቱ ወደ አዲሱ ገበያ ታክሲ ያዝኩ። ለኤደን የኬጂ መኝታ ብርድ ልብስ ልገዛ ነው አልኩ ለራሴ።

ቅድም በኋላ እመጣበታለሁ ያልኳችሁ ነገር የታወሰኝ እዚያ ታክሲ ውስጥ ነው። ኤደንን ሳረግዝ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ። ሆዴ ሲገፋ ትምህርቱን ማቋረጥ ነበረብኝ። ለሚያቋርጡ ሰዎች ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ረጅም ወረቀት ተለጥፏል። ቆሜ አነበብኩት። ግማሹ ገባኝ፣ ግማሹ አልገባኝም። ልጠይቅ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። መስታወቱ ላይ ሌላ ትንሽ ወረቀት አለ፦ «የተለጠፈውን ያነበበ አይጠይቅም»። አንብቤያለሁ። ስለዚህ አልጠየቅሁም። ወደ ቤቴ ሄድኩ። እንዲያ ያቋረጠ ሰው አስቀድሞ ካመለከተ ተመልሶ መማር እንደሚችል፣ ካላመለከተ ግን ስሙ እንደሚሰረዝ የሰማሁት ኤደን መራመድ ከጀመረች በኋላ ነው። መስኮቱ ውስጥ የነበረችው ልጅ ፊቷ እስካሁን ትዝ ይለኛል። ደግ ፊት ነበራት። ሹራብ ነገር እየሠራች ነበር፣ ሥራ ስለሌላት።

ያንን ትንሽ ወረቀት ማን እንደጻፈው ሳስብ ዓመታት አልፈዋል። ቆንጆ ዓረፍተ ነገር መስሎት ይሆናል።

ሐያት ከብርድ ልብስ ክምር ጀርባ ቆማ አገኘኋት። አይታኝ «ባለ አንድ ነው ባለ ሁለት?» አለችኝ።

ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ቶሎ አቆምኩ።

ዘረጋችልኝ። ሰማያዊውን፣ አበባውን፣ አንበሳ ያለበትን። ዋጋው የት አለ ብዬ ባገላብጥ አንዱም ላይ አልተጻፈም። አልተጻፈም እንዴ ብላት ወደ አባቷ ጠቆመችኝ። ጋሽ ሰኢድ ጥግ በርጩማቸው ላይ ሆነው ይሰማሉ።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር» አለች። «አባዬ፣ ዋጋ ልለጥፍበት፣ ሥራ ይቀላል፣ ሰው ቀኑን ሙሉ ስንት ነው ስንት ነው ይለኛል አልኩት።»

«እሺ ልበላት?» አሉኝ ጋሽ ሰኢድ። «ልጄ፣ ዋጋ የተጻፈበትን ሰው አይቶ፣ በልቡ በዛብኝ ብሎ፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። ምን እንደከበደው አታውቂለትም። ያልተጻፈ እንደሆነ ግን ይጠይቅሻል። ከጠየቀሽ ደግሞ ያወራል። ለማን ነው የምትገዛው ትይዋለሽ፣ ለእናቴ ይልሻል፣ ለእናትህ ከሆነ ይኼኛው ይሞቃል ትይዋለሽ። ሱቅ ማለት ይኼው ነው።»

«እሱ የሚያወራው ስለማይደክመው ነው» አለች ሐያት፤ «የሚያጥፈው ግን እኔ ነኝ።»

ጋሽ ሰኢድ ለሶላት ሲወጡ ጠብቄ ጠየቅኋት። በሕይወቴ ሰው ከጠየቅሁባቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ ነው። የሙከራ ሰርቨር እንደሌላቸው አይተሽ ነበር አይደል?

«በመጀመሪያው ቀን ነው ያየሁት» አለች፣ አንበሳውን እያጠፈች።

ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም? ጠረጴዛዬ ከጎንሽ ነው።

«ሊዲ፣ ድሮ እኮ ማብራሪያው ራሱ ጠይቁ ይል ነበር። ካልገባኝ እኔ አልነበርኩም ሰነፏ፤ ወረቀቱ ነበር። ያንቺን ሳነብ ግን...» ቆም አለች። «ሁሉም ነገር ተጽፏል። የሚያነበው ሰው መጠየቅ አያስፈልገውም ይላል። ታዲያ እኔ ለምን አልገባኝም? ደግሜ ላንብበው እላለሁ። አንድ ሰው ጠይቄ 'ተጽፏል እኮ' አለኝ። ከዚያ በኋላ አፈርኩ። ዲግሪ አለኝ እኮ።»

«አልተጻፈም ነበር» አልኳት። «ያቺ ነገር አልተጻፈችም። እኔም ስልክ ደውዬ ነው የጠየቅሁት።»

እጇ ብርድ ልብሱ ላይ ቆመ። «እንዴ» ብቻ አለች፣ በቀስታ።

ለአቶ ወንድወሰን ልንገራቸው፣ ልለምናቸው አልኳት። ቦታዬ ሰው አልገባበትም ወይ አለችኝ። ገብቶበታል፤ ሰኞ ይጀምራል። ተይው በቃ አለች፣ አባዬም ደስ ብሎታል፣ ቃል ቃል ነው አለች። ከዚያ ሌላ ገዢ ገባ። ሰውየው ባለ ሁለቱን አሳዪኝ አላት። ክምሩን ማውረድ ጀመረች። ለኤደን አንበሳውን ገዛሁ። ስወጣ ሰውየው «ነገ እመለሳለሁ» ሲላት ሰማሁት።

ስለ ጽሑፌ አሁን ምን እንደምል አላውቅም። መጥፎ አይደለም። «እንደተለመደው» ከሚለው ይሻላል፣ ይህን ማንም አይክደኝም። ግን አባቴ ዛፉ እንደሌለ እያወቀ ዛፉ ጋ ብሎ ሲልከኝ ቢያንስ «ከዚያ ጠይቂ» ብሎኝ ነበር። እኔ ወፍጮ ቤቱን በትክክል ጽፌ፣ ድንች ሻጯን ሰረዝኳት።

ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ማብራሪያውን ከፈትኩ። የሙከራ ሰርቨር ለሌለው ደንበኛ ምን እንደሚደረግ ጻፍኩ፣ ስለ እሑዱም ጨመርኩ። ከዚያ ወደ ገጹ አናት ወጥቼ ያንን ቆንጆ ዓረፍተ ነገር አጠፋሁት። በቦታው «ሁሉም አልተጻፈም። ያልገባችሁ ጋ ስትደርሱ ሊዲያን ጠይቁ፤ መስኮቱ ጋ ናት» ብዬ ጻፍኩ። በየጥቂት መስመሩም ደገምኩት።

አቶ ወንድወሰን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት። «ሊዲያ፣ አንቺን ያስቀመጥኩሽ እኮ ይህቺን እንድታጠፊ ነበር» አሉኝ።

አዎ አልኳቸው። ከዚያ ወደ ስብሰባ ክፍል ሄጄ የናትናኤልን ወንበር ፈልጌ አገኘሁት፤ ካርቶን ተጭኖበታል። ካርቶኑን አውርጄ፣ አቧራውን በእጄ ጠርጌ፣ ወንበሩን እየጎተትኩ ከጠረጴዛዬ ጎን አስቀመጥኩት።